ከዋክብትን መመልከትና ኮከብ ማስቆጠር



በጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት የቁምስናችን ወጣቶች በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰብስበው የጨረቃን ግርዶሽ ይጠባበቁ ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ 4 ሰዓት ገደማ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ በምድር ጥላ ውስጥ እንደምትቆይ አስቀድመን ነግረናቸው ነበር፤ ይሁን እንጂ ክረምቱ ገና አልወጣምና ደመናው እየሸፈነ አስቸገረን። በመጨረሻ ለጥቂት ደቂቃዎች ሲገለጥ እንደ ፍም የቀላች ጨረቃ ታየች፤ ሲንጫጩ የነበሩት ልጆችም ዝም አሉ። ታናሽ ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡ አንዲት እናት በበሩ አጠገብ ቆመው ይመለከቱ ነበር። ሲሰናበቱኝ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ «አባ፣ ልጆቻችንን በሌሊት ከዋክብት ያሳያሉ፤ እኛን ደግሞ ኮከብ አታስቆጥሩ ይሉናል። ሁለቱም ነገን ለማወቅ አይደለምን? ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ጥያቄያቸው የጨዋታ አልነበረም። የእኚህ እናት ታላቂቱ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት ታጭታ ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ የሠርጉ ቀን ተቆርጦ ሳለ፣ ከወንዱ ዘመዶች አንዱ የሁለቱን ኮከብ አስቆጥሮ፣ «የእሱ እሳት፣ የእሷ ውሃ ነው፤ አይገጥምም፤ ቢጋቡ አንዱ አንዱን ያጠፋዋል» የሚል ቃል ይዞ መጣ። በሁለቱም ወገን ፍርሃት ገባ፤ ሠርጉም ቀረ። ወጣቱ ወደ ውጭ አገር ሄደ፤ ልጅቷ እስከ ዛሬ ከእናቷ ዘንድ አለች። እኔም በዚያን ጊዜ «ይህ ኃጢአት ነው» ብዬ ከመገሠጽ በቀር ነገሩ ስለ ምን ሐሰት እንደ ሆነ አላስረዳኋቸውም ነበር። በግርዶሹ ምሽትም አጭር መልስ ሰጥቼ ሸኘኋቸው፤ መልሱ ግን እኔን ራሴን አላረካኝም። ይህ ጽሑፍ ያንን ዕዳ ለመክፈል የቀረበ ነው። ነገሩ ግልጽ እንዲሆንልን የአንድ ዓመት የሰማይ ምልከታ እንዴት እንደሚታቀድ እንመልከት፤ ለምሳሌም የ2019 ዓ.ም.ን እንውሰድ።

1. ሁለት ዓይነት ቁጥር

በዐውደ ነገሥት ሥርዓት ኮከብ የሚቆጥር ሰው የሚሠራው ይህን ነው፦ የጠያቂውንና የእናቱን ስም ፊደላት በቁጥር ይለውጣል፤ ይደምራል፤ ድምሩን በ12 ይገድፋል፤ የቀረውን ቁጥር «ኮከብህ ይህ ነው» ይለዋል። ከዚያም ኮከቡን ከእሳት፣ ከመሬት፣ ከነፋስ ወይም ከውሃ ወገን መድቦ ስለ ትዳሩ፣ ስለ ሀብቱና ስለ ዕድሜው ይናገራል። ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ቆጣሪው ዓይኑን አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ሰማይ አላነሣም። ስሙ የኮከብ ቆጠራ ይባል እንጂ የተቆጠረው ፊደል ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ባሕረ ሐሳብ እንመለስ፤ ትውፊታችን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ የሚሰጠው ይህ የቁጥር ትምህርትም እንዲሁ ደምሮ የሚገድፍ ነው። በ2019 ዓ.ም. ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለም 7519 ይሆናል። ይህ በ19 ሲገደፍ 14 ይቀራል፤ ከ14 አንድ ሲነሣ ወንበሩ 13 ነው። 13 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 23 ይሆናል፤ 13 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 7 ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሞላሉ፤ ካልሞሉ ተማሪው ስሕተት እንደ ሠራ በዚያው ያውቃል። ከዚህ ተነሥቶ ጾመ ነነዌ የካቲት 15፣ ትንሣኤም ሚያዝያ 24 ቀን እንደሚውል ይገኛል።

የእነዚህ ቁጥሮች ምክንያት በሰማይ አለ። 12 የጨረቃ ወራት ተደምረው 354 ቀናት ያህል ናቸውና ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀናት ያንሳሉ፤ የ11 ቁጥር ከዚህ መጣ። 19 የፀሐይ ዓመታት ደግሞ ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር በጥቂት ሰዓታት ልዩነት ይስተካከላሉ፤ የ19 ቁጥርም ከዚህ መጣ። ማንም ምእመን 19 ዓመት በትዕግሥት ቢመለከት ይህን በገዛ ዓይኑ ሊያረጋግጥ ይችላል።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ይህ ቁጥር ሲሳሳት ስሕተቱ ይታወቃል። በአሮጌው አቈጣጠር መሠረት 19 ዓመትና 235 የጨረቃ ወራት በትክክል እኩል ናቸው ተብሎ ይታሰባል፤ ነገር ግን የአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ልዩነት አላቸው። ይህ ትንሽ ልዩነት በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሞላል። ስለዚህ በዘመናችን የቁጥሯ ጨረቃ ከሰማይዋ ጨረቃ አራት አምስት ቀን ትዘገያለች። በ2019 ዓ.ም. በቁጥሩ መሠረት የፋሲካው ሙሉ ጨረቃ የሚውለው ሚያዝያ 17 ቀን ሲሆን፣ በሰማይ ጨረቃ የምትሞላው ሚያዝያ 12 ቀን ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1582 የዘመን አቈጣጠሩን ያሻሻሉት እንዲህ ያለውን ልዩነት ለማረም ነበር፤ ከሥራው ሊቃውንት አንዱ ኢየሱሳዊው ካህን ክላቪየስ ነው። በዚያ ዓመት ከጥቅምት 4 ቀን ቀጥሎ የመጣው ጥቅምት 15 ሆኖ ተቈጠረ። ይህን የምናገረው የአባቶቻችንን ቁጥር ለመንቀፍ አይደለም፤ በዓልን በአንድነት ማክበር ከሙሉ ጨረቃ ጋር ከመግጠም የሚበልጥ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። የምፈልገው ይህን ለማስገንዘብ ነው፦ እውነተኛ ዕውቀት የሚመሰክርበት ዳኛ ከራሱ ውጭ አለው። የዚያን ወጣት ኮከብ የቆጠረው ሰው ቢሳሳት ኖሮ ስሕተቱን የሚያሳየው ማን ነበር? ቢጋቡና ቢጣሉ «ብዬ ነበር» ይላል፤ ቢስማሙ «ገና ነው» ይላል። በምንም ነገር ሊሳሳት የማይችል ቃል በምንም ነገር እውነት ሊሆን አይችልም።

2. ሰማዩ የሚያከብረው ቀጠሮ

ዕቅዳችንን ለመጀመር 13 ገጽ ያለው ደብተር ይበቃል፤ ለየወሩ አንድ ገጽ ይሁን። ጳጉሜን ባላት ቀን ልክ ትንሽ ብትሆንም የራሷን ገጽ አትነፈግ፤ 2019 ዘመነ ሉቃስ ነውና ስድስት ቀን አላት። ዋናው መሣሪያ ዓይን ነው። አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር ያለው ይጠቀምበት፤ የሌለው ግን ቀጥሎ ከተጻፈው አብዛኛው አይቀርበትም።

መስከረም። ፀሐይ እንደ ጠለቀች በምዕራብ በኩል ከሁሉ አብልጣ የምታበራው ቬኑስ ናት፤ አበው ዝሁራ ይሏታል። ከምሽት ወደ ምሽት ወደ አድማስ እየወረደች ትሄዳለች። ዙሐል ወይም ሳተርን ደግሞ መስከረም 24 ቀን ከፀሐይ ትይዩ ይቆማል። ይህም ማለት ምድር በፀሐይና በእርሱ መካከል ትሆናለች፤ ፀሐይ በምዕራብ ስትጠልቅ እርሱ በምሥራቅ ይወጣል፤ ሌሊቱንም ሙሉ ይታያል።

ጥቅምትና ኅዳር። ቬኑስ ጥቅምት 14 ቀን በእኛና በፀሐይ መካከል ታልፋለችና ከዓይን ትሰወራለች። በኅዳር የምትፈለገው በምሥራቅ፣ ከንጋት በፊት ነው። የማታዋ ኮከብና የአጥቢያዋ ኮከብ አንዲት መሆኗን ልጆች በዚህ ሁለት ወር ውስጥ ራሳቸው ይደርሱበታል፤ ከመምህር ከመስማት ይልቅ እንዲህ ማወቅ በልብ ይቀራል።

ታኅሣሥ። ከታኅሣሥ 5 ቀን ንጋት በፊት የከዋክብት ውርወራ ይበዛል። ጨረቃ ገና ለጋ ስለሆነች ቀድማ ትጠልቃለች፤ ሰማዩም ጨለማ ይሆናል። ወሩ ደረቅ ስለሆነ ደመና አያሰጋም፤ ብርዱ ግን ጋቢ ያስፈልገዋል።

የካቲት። በወሩ መጀመሪያ መሽተሪ ወይም ጁፒተር ከፀሐይ ትይዩ ይቆማል። ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸውን አራት ጨረቃዎቹን ዛሬ ማንም ሰው በተራ የእጅ መነጽር፣ እጁን በግንብ ላይ አስደግፎ ሊያያቸው ይችላል። በየካቲት 12 ደግሞ ተራው የቀይዋ ፕላኔት፣ የማርስ ነው።

በዚህ ቀን ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልገናል።

3. ማርስና የካቲት 12

የካቲት 12 በአገራችን የሰማዕታት ቀን ነው። በ1929 ዓ.ም. በዚያች ዕለትና በተከታዮቹ ቀናት የፋሺስት ጦር በአዲስ አበባ ነዋሪዎች ላይ የፈጸመውን ጭፍጨፋ እናስባለን። በ2019 ዓ.ም. ልክ በዚህ ቀን፣ የጥንት ሰዎች የጦርነት ኮከብ ይሏት የነበረችው ማርስ እንደ ደም ቀልታ ከማታ እስከ ንጋት በሰማያችን ላይ ትታያለች። ኮከብ ቆጣሪ ይህን ቢሰማ ስንት ትንቢት ባወጣለት ነበር!

እስኪ ነገሩን እንመርምር። ማርስ ከፀሐይ ትይዩ የምትቆመው በ26 ወር ገደማ አንድ ጊዜ ነው። ጭፍጨፋው በተፈጸመበት በ1929 ዓ.ም. የቆመችው በየካቲት ሳይሆን በግንቦት ወር ነበር። የካቲት 12 ቀን 2019 ዓ.ም. ከእኛ የምትርቀው 101 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መቅላቷም በአፈሯ ውስጥ ካለው የብረት ዝገት የመጣ ነው። በዚያች ሌሊት ስለ ፈሰሰው ደም የምታውቀው ነገር የለም። የገደሉት ሰዎች ናቸው፤ ትእዛዝ የሰጡትም ሰዎች ናቸው፤ ጎረቤታቸውን ደብቀው ያዳኑም ሰዎች ናቸው። ጥፋትን ለኮከብ መስጠት ገዳዩን ከተጠያቂነት ነጻ ማውጣት ነው፤ አዳኙንም ምስጋና መንሣት ነው።

ስለዚህ በዚያ ምሽት ወጣቶቻችን ማርስን እንዲያዩ፣ የሞቱትንም እንዲያስቡ እመክራለሁ፤ ሁለቱን ነገሮች ግን አያደባልቁ። ፕላኔቷ በመንገዷ ትሄዳለች። ማሰብ፣ ማዘንና ዳግመኛ እንዳይሆን መጠበቅ የእኛ ሥራ ነው።

4. ባዶ የሚተው ገጽ

በደብተራችን መጨረሻ አንድ ገጽ ባዶ ይተው፤ ለጅራታም ኮከብ።

ጅራታም ከዋክብት በሁለት ወገን ያሉ ናቸው። ከፊሎቹ ቀጠሮ አላቸው። እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌይ በ1531፣ በ1607 እና በ1682 እ.ኤ.አ. የታዩት ጅራታም ከዋክብት አንድ መሆናቸውን አስተውሎ በ1758 እንደሚመለስ ተናገረ። ራሱ በ1742 ስለ ሞተ አላየውም። በ1758 በልደት በዓል ሌሊት መጀመሪያ ያየው በጀርመን አገር በድሬስደን አጠገብ የሚኖር ፓሊች የሚባል፣ ሰማይን በራሱ ጥረት ያጠና ገበሬ ነበር። ያ ኮከብ በ1978 ዓ.ም. ተመልሶ መጥቷል፤ ደግሞ በ2053 ዓ.ም. በክረምት ይጠበቃል። ይህን ከምታነቡት መካከል ብዙዎቻችን በዚያን ጊዜ አንኖርም። በደብተሩ ላይ ግን ልንጽፈው እንችላለን፤ የሚያነበው ሌላ ነው።

ሌሎቹ ደግሞ ሳይታሰቡ ይመጣሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ 1989 ዓ.ም. በሰማይ ላይ ጅራቱን ዘርግቶ የታየውን ሄል-ቦፕ የተባለውን ከእናንተ ብዙዎች ታስታውሱታላችሁ፤ ከመገኘቱ በፊት እንዲህ ያለ እንግዳ በመንገድ ላይ እንዳለ ያወቀ አልነበረም። አይሰን የተባለው በ2013 እ.ኤ.አ. ታላቅ ብርሃን ይሆናል ተብሎ ብዙ ከተነገረለት በኋላ በኅዳር ወር ፀሐይን ሲዞር ተበታተነ። በ2020 እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር የተገኘው ኒዮዋይዝ ግን ብዙ ሳይጠበቅ በአራት ወር ውስጥ በዓይን የሚታይ ሆነ። እንግዲህ የሰማይ ሊቃውንት ራሳቸው «ይህን አናውቅም» የሚሉበት ቦታ አላቸው። ባዶው ገጽ የስንፍና ምልክት አይደለም፤ የታማኝነት ነው። ኮከብ ቆጣሪ ዘንድ ባዶ ገጽ የለም፤ የተከፈለው ገንዘብ መልስ ይፈልጋልና።

5. ደመናውና እኛ

የዓመቱ ታላቅ ትዕይንት የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል። የጨረቃ ሙሉ ጥላ በደቡብ ስፔን፣ በሰሜን አፍሪካ፣ በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን በኩል አልፎ የሶማሊያን ሰሜናዊ ጫፍ ይነካል። በግብፅ በሉክሶር አቅራቢያ ጨለማው ከስድስት ደቂቃ በላይ ይቆያል። በጅዳ የሚሠሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ቀኑ ሲጨልም ያዩታል። በአገራችን ግርዶሹ ከፊል ነው፤ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በተጠጋን መጠን የሚሸፈነው የፀሐይ ክፍል ይበዛል። እዚህ ላይ ለመምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ አደራ አለኝ፦ ለግርዶሽ ተብሎ የተሠራ መነጽር ሳይኖር ማንም ልጅ ፀሐይን ቀና ብሎ አይመልከት። የራጅ ፊልምም ሆነ በጭስ የጠቆረ መስተዋት ዓይንን አያድንም። በካርቶን ላይ በመርፌ ቀዳዳ አድርጎ የፀሐይን ምስል በወረቀት ላይ ማሳረፍ ይሻላል፤ ከዛፍ ቅጠል ሥር ያለውን ጥላ ማየትም እንዲሁ ግርዶሹን ያሳያል።

ይህ ግርዶሽ በየትኛው ደቂቃ የት እንደሚሆን በቁጥር ይታወቃል። ነገር ግን ወሩ ሐምሌ ነው። በደጋው አገራችን በሐምሌ ፀሐይን ማየት በአዘቦቱም ቀን ብርቅ ነው። ከሁሉ ይልቅ እርግጠኛ የሆነው ቀጠሮ ከሁሉ ይልቅ ደመናማ በሆነው ወር ላይ ወደቀ። ግርዶሹ ይሆናል፤ እናየዋለን ወይ? ይህን ማንም አይነግረንም። ከዚያም አልፎ ይህን ደብተር አብረውን ከጀመሩት መካከል ሐምሌ 26ን የማይደርስ ይኖር ይሆናል።

ታዲያ ማቀድ ከንቱ ነውን? ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ለዓመቱ ንግዳቸውን የሚያቅዱ ሰዎችን ሲገሥጽ የነቀፈው ማቀዳቸውን አይመስለኝም፤ የነገን ባለቤትነት ለራሳቸው መውሰዳቸውን ነው። የሰማይ ምልከታ ዕቅድ ይህን ልዩነት በየወሩ ያስተምራል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ዓይነት ነገ እናገኛለን፦ እንደ ፕላኔቶቹ መንገድ በቁጥር የሚታወቅ ነገ፣ እንደ ጅራታም ኮከብ በከፊል የሚገመት ነገ፣ እንደ ደመናውና እንደ ዕድሜያችን በእጃችን ያልሆነ ነገ። ለመጀመሪያው ዕውቀት ይገባዋል፤ ለሁለተኛው ንቃት፤ ለሦስተኛው አደራ።

ከእነዚህም የተለየ አራተኛ ነገ አለ፤ እርሱም ሰው ወስኖ የሚያደርገው ነው። ቃል መጠበቅና ማፍረስ፣ መታረቅና መጣላት፣ ማግባትና አለማግባት በዚህ ውስጥ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ በሁለቱ ሰዎች ነጻ ፈቃድ ይጸናል የምትለው ስለዚህ ነው፤ ነጻ ፈቃድ ደግሞ አስቀድሞ በቁጥር የተጻፈ ሊሆን አይችልም። ኮከብ ቆጣሪው ትልቁን ጥፋት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ በሁለት ሰዎች እጅ ያለውን ነገር ከእጃቸው ነጥቆ በሰማይ ላይ ይሰቅለዋል።

ለእኚያ እናት በዚያች ምሽት ልሰጣቸው ይገባኝ የነበረው መልስ እንግዲህ ይህ ነው፦ «እመቤቴ፣ ለልጆቹ የማሳያቸው ያለ እነርሱ ፈቃድ የሚሆነውን ነው፤ ኮከብ ቆጣሪው የነገረዎት ግን ያለ ልጅዎ ፈቃድ ሊሆን የማይገባውን ነው። እሳትና ውሃ የተባለው በሰማይ አልነበረም። ሁለቱ ልጆች አብረው ሊኖሩ ይችሉ ነበር፤ ላይስማሙም ይችሉ ነበር፤ ያን የሚያውቁት ራሳቸው ኖረው ነበር።» ይህ መልስ የቀረውን ሠርግ አይመልስም። ልጅቷ ግን «ኮከቤ መጥፎ ነው» የሚለውን ሸክም ከትከሻዋ እንድታወርድ ይረዳት ይሆናል፤ እስከ ዛሬ ተሸክማዋለችና።

በየቁምስናው ይህን ደብተር ለመጀመር የምትፈልጉ መምህራን በየገጹ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ የሚጠበቀው፣ የታየው፣ አብረውን የነበሩት። ደመና በሸፈነበት ምሽት በሁለተኛው ዓምድ «አልታየም» ብላችሁ ጻፉ፤ ሦስተኛውን ግን ሙሉት። ዓመቱ ሲያልቅ ደብተሩን ለሚቀጥሉት ልጆች አስረክቡ፤ የ2053ቱም ገጽ በውስጡ ይኑር። ማንም ሰው መጥቶ «የእኔ ነገር የት ተጽፏል?» ቢላችሁ ደብተሩን ገልጣችሁ አሳዩት፤ ስለ ጨረቃ፣ ስለ ቬኑስና ስለ ማርስ ያነብባል። ስለ እርሱ የተጻፈ ገጽ አያገኝም።